እጅጌው የወደቀ ዕለት

ኮልፌ ውስጥ ሰው «ምን ትሠራ ነበር?» ሲለኝ ማስረዳቱ ይከብደኛል። ሹፌር ነበርኩ ቢሉ በአንድ ቃል ያልቃል። አስተማሪ ነበርኩ ቢሉም ያልቃል። እኔ ግን፣ በረሃ ውስጥ ነፋስና ፀሐይ መብራት ይሆናሉ፤ መብራቱ ውኃ ይሰነጥቃል፤ ከውኃው የወጣው ሃይድሮጅን ከአየር ከተለየ ሌላ ጋዝ ጋር ሞቆና ተጨምቆ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው ማዳበሪያ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚያልፍበትን ቱቦ አስር ነበር ብዬ ሳልጨርስ ሰውየው ታክሲ ውስጥ ገብቷል።

እስከ መጨረሻው የሰማኝ ባለሱቁ ሙራድ ብቻ ነው። ሰምቶ ሲያበቃ፣

«እና ጋሽ ደሳለኝ፣ ነፋስ ሲያስሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት?» አለኝ።

«ነፋስ አይደለም፣ ቱቦ ነው።»

«ቱቦው ውስጥ ምን አለ?»

«ጋዝ።»

«ጋዝ ማለት ያው ነፋስ አይደል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ነፋሱ ይለኛል። አልተቀየምኩም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው። ዕድር ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ እንኳ ግማሹን ሰው አላውቀውም፤ ዕድሜዬን በረሃ ጨርሼ ነው የመጣሁት። በቅጽል ስምም ቢሆን መጠራት ይሻላል።

ይህን የምጽፈው ግን ለሙራድ ብዬ አይደለም። ከእኔ ቤት አንድ ታክሲ ተይዞ ቀራንዮ ላይ የሚኖሩ ጋሽ ክፍሌ የሚባሉ ሰው አሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ሥራ ላይ ካጡ በኋላ ተጣልተን ቀረን፤ ይኸው ዓመታት አለፉ። ጡረታ ስወጣ መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው ጋ ነው ብዬ ነበር። አልሄድኩም። አንድ ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ። ቢያባርሩኝስ? በዚህ ዕድሜ ከሰው ደጅ ተመልሶ ታክሲ መጠበቅ አይመችም። እጄ ሥራ ሲፈታ ጊዜ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፣ ያውም የማታ። ቤቴል የምትኖረው ልጄ ፊደሌን ታስተካክላለች፤ ቃሌን እንዳትነካ ግን ነግሬያታለሁ። «አባዬ፣ ይሄማ ነገር ሰው ፊት አይባልም» ያለችኝም ቦታ አለ። ይባላል አልኳት።

እኛ ቤት ሁሉም ነጋዴ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኮልፌ ሱቅ ከፈተ፤ ወንድሞቼ አንዱ ጨርቅ፣ አንዱ ቆርቆሮ ይሸጣሉ። እኔ መሸጥ አልሆነልኝም። ሰው ዋጋ ሲከራከረኝ እናደዳለሁ። አባቴ ይህን አይቶ፣ «ይሄ ልጅ ደንበኛ ያባርራል፤ ከብረት ጋር ይዋል፣ ብረት አይቀየምም» ብሎ ሰፈራችን ካለ ቧንቧ ሠሪ ጋ አስገባኝ። እዚያ ቧንቧ መቁረጥና ጫፉ ላይ የመግጠሚያ ጥርስ ማውጣት ለመድኩ። በኋላ አንድ ቢራ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ክፍል ተቀጠርኩ። ጋሽ ክፍሌን ያገኘሁት እዚያ ነው።

የማቀዝቀዣው ማሽን የሚሠራው በአሞኒያ ነበር። ጋሽ ክፍሌ ገና የገባሁ ዕለት አንድ ትንሽ ቫልቭ የፀጉር ያህል ከፈቱና፣ «አሽትት» አሉኝ። አሸተትኩ። አፍንጫዬ ውስጥ ሚስማር የተመታ መሰለኝ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«አወቅከው?»

«አወቅኩት።»

«ውኃ ይወዳል። ሰውነትህ ላይ ውኃ ያለበትን ቦታ ፈልጎ ነው የሚገባው። ዓይን፣ ጉሮሮ፣ ብብት። ሌላው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ይመጣል።»

አቤት አስተሳሰራቸው። ሁለት ቱቦ አፍ ለአፍ ሲገጥም በመሃሉ ማሸጊያ ይገባል፤ ዙሪያውን ደግሞ ቡሎን አለ። ሌላው ሰው ከአንዱ ጀምሮ ተራ በተራ እየዞረ ያጠብቃል። ያ ስህተት ነው፤ ማሸጊያው ወደ አንድ ወገን ይጨመቃል። ጋሽ ክፍሌ አንዱን ትንሽ ያስሩና ፊት ለፊቱ ያለውን ያስራሉ፤ ከዚያ በመስቀል የቀሩትን። ሲያበቁ እንደገና ከመጀመሪያው። አንዱን ቡሎን በአንዴ ጨርሶ ያጠበቀ ሰው ካዩ መፍቻውን ከእጁ ይቀሙታል። ታስሮ ካለቀ በኋላ መዳፋቸውን ቱቦው ላይ አሳርፈው ማሽኑ እስኪነሳ ዝም ብለው ይቆማሉ። አንድ ጊዜ፣ «ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አልኳቸው። «እየጠበቅኩት ነው» አሉኝ። «አስሮ መሄድማ ማንም ይሄዳል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አሞኒያ ያለበት ግቢ ሲገቡ እግራቸውን ከማንሳታቸው በፊት ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። የዛፍ ቅጠል፣ የወጥ ቤት ጭስ፣ ከጠፋም አፈር በጣታቸው ቆንጥረው ይበትናሉ። «መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ሩጥ» ይሉናል። ጋዝ ካመለጠ ነፋሱን በጎን አቋርጠህ፣ ወደሚመጣበት ነው የምትሮጠው። ሳታይ ከሮጥክ ከጋዙ ጋር ነው የምትሮጠው። ይህን እንደ ጸሎት አስጠኑን። ከሁሉም የማስታውሰው ይሄንን ነው። እዚህ ላይ ልጄ «አስረዝመኸዋል» ብላለች። ይርዘም።

በረሃው የመጣው ጋሽ ክፍሌ ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ ነው። ከድሬዳዋ አልፎ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ነፋስ የማያቋርጥበት ቦታ ላይ አዲስ ድርጅት ተከፈተ። አሞኒያ የሚያውቅ ሰው በአገሩ ላይ ብዙ የለም፤ እሳቸውን ለመኗቸው። «ደሳለኝ ከመጣ እመጣለሁ» አሉ። ደመወዙ ደህና ነበር፣ የበረሃ አበል ይጨመርበታል። ለመግባት የተጠየቅነው ወረቀትና የሐኪም ምርመራ ውትድርና የምንገባ አስመስሎን ነበር። ባለቤቴ «እኔና ልጅቷስ?» አለችኝ። «እመላለሳለሁ» አልኳት። ተመላልሻለሁ፤ እንግዳ ሆኜ።

እዚያ ቦታ ነፋሱ እንጀራ ከእጅህ ይወስዳል። ነጫጭ ማማዎቹ ኮረብታው ላይ ተደርድረው ክንፋቸውን ያዞራሉ፤ ከሥር ሜዳውን የፀሐይ ሰሌዳ ሞልቶታል። መብራቱ ወርዶ ውኃውን የሚሰነጥቀው ማሽን ጋ ይገባል፤ እኛ «ፈላጩ» እንለዋለን። ከፈላጩ የሚወጣው ሃይድሮጅን እንደ አሞኒያ አይሸትም። ውኃም እንፋሎትም በማያልፍበት ቀዳዳ ያልፋል። እሳት ከያዘ ደግሞ በቀን እሳቱ አይታይም፤ ገብተህበት ነው የምታውቀው። ስለዚህ ጋሽ ክፍሌ ረጅም የሳር መጥረጊያ ከፊታቸው ዘርግተው ነበር የሚሄዱት። መጥረጊያው ከተቀጣጠለ እሳቱ እዚያ ነው። የፈረቃው ኃላፊ ኢንጂነር ሄለን ጋዝ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ደረታቸው ላይ አሰረችላቸው። እሳቸውም መሣሪያውን ደረታቸው ላይ፣ መጥረጊያውን እጃቸው ላይ አደረጉ።

«ጋሽ ክፍሌ፣ መሣሪያው ይቀናል እኮ» ትላቸዋለች።

«ይቅና። ቅናት ያተጋዋል።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። መሣሪያው እሳቸው ያልሰሙትን ብዙ ጊዜ ሰምቶላቸዋል፤ እሳቸውም አይክዱም።

የቢራ ፋብሪካው ማሽን ከተነሳ አይቆምም ነበር። የበረሃው ግን ከነፋሱ ጋር ነው የሚኖረው። ነፋሱ ሲበረታ ይበረታል፤ ሲደክም እናበርደዋለን፤ ሲመለስ እናሞቀዋለን። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ቡሎኑ ይላላል፤ ማሸጊያው ይሰለቻል። ስለዚህ ማሽኑ በበረደ ቁጥር እኔና ጋሽ ክፍሌ መፍቻ ይዘን ከአንዱ ቱቦ አፍ ወደ ሌላው እንዞራለን። ያ ነው ሥራዬ። አንድን ነገር ስታስር መኖር ነው፤ እሱ ደግሞ ሲላላ ይኖራል።

ከፍ ባለ ብረት ላይ የተሰቀለ ብርቱካናማ ጨርቅ ነበረን። ነፋስ ሲገባበት ይነፋና ነፋሱ የሚሄድበትን ያሳያል። ቅርጹ የሸሚዝ እጅጌ ስለሚመስል እጅጌው እንለዋለን። እዚያ ግቢ ገብቶ መጀመሪያ ወደ እጅጌው ቀና የማይል ሠራተኛ የለም። ጋሽ ክፍሌ ናቸው ያስለመዱት። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ቀና የሚል ነበር። ደግሞ እጅጌው መልስ ያልሰጠበት ቀን አልነበረም፤ እስከዚያ ድረስ ያ አገር ነፋስ ሲያጣ አይተን አናውቅም።

አንድ ሰሞን ነፋሱ ጠፋ። ማማዎቹ ቆሙ። ማሽኑ በረደ። እጅጌው ብረቱን ተደግፎ ተንጠለጠለ። በመጨረሻ ከላይ ተደወለ መሰለኝ፣ በፀሐዩ መብራት ብቻ ቀስ ብለን እናሙቅ ተባለ። ጠዋት ጀመርን። እኔና ጋሽ ክፍሌ አሞኒያው የሚበርድበት ማቀዝቀዣ ጋ ያሉትን የቱቦ አፎች አሰርን፤ በመስቀል፣ እንደ ልማዳችን። ሌሎች ሠራተኞችም አካባቢው ላይ ነበሩ። እሳቸው መዳፋቸውን ቱቦው ላይ አሳርፈው ቆሙ።

ያመለጠው ከዚያኛው ቱቦ አይደለም፤ ከበስተጀርባችን ካለው ነው። ማሸጊያው ተበጠሰ። ድምፁ ትልቅ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር። ነጭ ጉም ወጣና ሽቅብ አልሄደም፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ መሬት ለመሬት መጣ።

ሁላችንም ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። ቀና አልን። ሁላችንም፣ አንድ ላይ፣ ወደ እጅጌው። እጅጌው ወድቋል፤ ምንም አይልም። እኛም ቆመን መልስ እንጠብቃለን። ጋሽ ክፍሌም ቀና ብለው ቆመዋል። ከሌላ አገር የመጣ፣ ስለ ነፋስ ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ሮጦ አምልጦ ነበር። እኛ ግን ሳናይ መሮጥ አናውቅም። ጉሙ ጉልበታችን ደረሰ።

ያስነሳን የሄለን ድምፅ ነው። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ በድምፅ ማጉያ፣ «ወደ ኮረብታው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ» ትላለች። ሮጥን። ጥቂት እንደሮጥን ጋሽ ክፍሌ ዞሩ። ቱቦውን የሚዘጋው ቫልቭ ቅርብ ነበር። «ጋሼ» አልኩ። በእጃቸው ሂድ አሉኝ። እኔም ሄድኩ። ኮረብታው ላይ ሆኜ ነው የቀረውን ያየሁት፤ ጉሙ ውስጥ ሲገቡ፣ ድምፁ ሲቀንስ፣ ከዚያም ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ውኃ እየረጩ ገብተው ተሸክመዋቸው ሲወጡ። ቫልቩን ዘግተውታል። ከእሳቸው በቀር የተጎዳ ሰው የለም።

ድሬዳዋ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ታስሯል፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነው።

«ደሳለኝ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ሻንጣህን ይዘሃል?»

«የምን ሻንጣ?»

«ነገ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱኛል። አብረን እንሂድ። ይበቃሃል፣ ውጣ።»

«ቱቦው ተፈቶ ነው ያለው፤ ማን ያስረዋል?»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ትወጣለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አልወጣም።»

ሌላ ቃል አልጨመርኩበትም። ምክንያቱን ብነግራቸው ምን ነበረበት? እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሲገፉኝ እንደ ዛገ ቡሎን ነው የምይዘው። እሳቸውም ከእኔ አይሻሉም።

«እሺ» አሉ። «እንግዲያው ቤቴ እንዳትመጣ። የቱቦህ ባል ሁን።»

ለፋሲካ አዲስ አበባ ስመጣ ቀራንዮ ሄጄ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኝቷል» አለችኝ። ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል። ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም።

ሥራው ቀጠለ። ቱቦውን ሁሉ ፈትተን ማሸጊያ ቀየርን፤ እያንዳንዱን አፍ በእጄ አሰርኩት። ሄለን ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣች። እጅጌው በወደቀ ቀን ማንም ማሽን አያሞቅም፤ ነፋስ እስኪመለስ ይጠበቃል። ጋዝ ካመለጠም ቀና ማለት የለም፤ ነጭ የተቀቡ ድንጋዮችን ተከትሎ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ነው። ሥራ አስኪያጁ ምርት ቀረብን ብሎ ተከራክሯት ነበር። ከቃሏ አልተመለሰችም።

ከዚያ አንድ ነገር መጣ። ጠዋት እጅጌው ወድቆ ያየ ሠራተኛ፣ «ዛሬ ጋሽ ክፍሌ ነው» ማለት ጀመረ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። መጀመሪያ ስሰማው ደሜ ፈላ፤ ያለውን በያጅ አንገትጌውን ያዝኩት።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ይልቀቁት» አለችኝ ሄለን።

«በሰው መከራ ይቀልዳል እንዴ?»

«አልቀለደም። ደንቡን ሌላ ጊዜ ይረሱታል፤ በስም ሲጠሩት ግን አይረሱም። ይተዉላቸው።»

ተውኩላቸው። ጡረታ ስወጣ ጋሽ ክፍሌን አይተዋቸው የማያውቁ ሠራተኞች ሁሉ እንዲህ ይሉ ነበር። ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ «ትናንትም ጋሽ ክፍሌ፣ ዛሬም ጋሽ ክፍሌ» እያሉ ካርታ ይጫወታሉ። እኔ ለብቻዬ ምሳዬን ይዤ እሰማለሁ። ሰውየውን ከሚያውቁት ሰዎች መሃል እዚያ የቀረሁት እኔና ሄለን ብቻ ነበርን፤ በኋላ እሷም ተዛወረች።

እስከዚህ ድረስ ጽፌ ሳለሁ ነው ኮልፌ ገበያ ላይ እትዬ ዘነበችን ያገኘኋት። ሽንኩርት ትመርጣለች። ቀና ብላ አየችኝና መምረጧን ቀጠለች።

«ወጣህ አሉ» አለች።

«ወጣሁ።»

«ደረቱ ብሶበታል። የሚጠይቀው ሰው የለም። የድሮዎቹም አለቁ። አንተ ደግሞ ኩራትህን አቅፈህ ተኛ።»

«አትምጣ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

«እሱ ስንቱን ይላል። ዕድሜ ልኬን ሂጂልኝ ሲለኝ አይደል እንዴ የኖርኩት?» ብላ ሽንኩርቷን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ታክሲ ያዝኩ። በሩ ክፍት ነበር። ጋሽ ክፍሌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

«ማነው?»

«ደሳለኝ ነኝ።»

«የትኛው ደሳለኝ?»

«የቱቦው።»

«የቱቦውማ ሥራ ላይ ነው። ከሚስቱ ተለይቶ አያውቅም።»

«ጡረታ ወጣሁ ጋሼ።»

«መቼ?»

ነገርኳቸው።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ከኮልፌ ቀራንዮ የሚመጣ ታክሲ አጣህ?»

እትዬ ዘነበች ወንበር አቀረበችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ያኔ» አሉ፣ «ዓይኔ ታስሮ፣ ይዞኝ የሚሄድ ሰው ፈልጌ ነው ውጣ ያልኩህ። ቱቦውን ጠልቼ መሰለህ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ሥራው የተጣላን ነበር የመሰለኝ።

«እኔ ደግሞ እርስዎን ያቃጠለውን አፍ ሌላ ሰው እንዲያስረው አልፈለግኩም» አልኩ። «ተራ በተራ እየዞረ የሚያጠብቅ ሰው መጥቶ ቢያስረውስ ብዬ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ አትለኝም?»

«ገፉኛ።»

አሳላቸው። እስኪበርድላቸው ጠበቅኩ። ከዚያ የፈራሁትን ነገር ነገርኳቸው፤ ነፋስ የሌለበት ቀን በስማቸው እንደሚጠራ። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም።

«ስድብ ነው?»

«አይደለም። ሰው እንዳይጎዳ ነው።»

«በዚያ ቀን ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ማሽን አያሞቁም። ቁጭ ብለው ነፋስ ይጠብቃሉ።»

«ቁጭ ብለው?»

«ካርታ እየተጫወቱ።»

ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ኖሯል። «ዘነበች» አሉ፣ «ሰማሽ? ስሜ ሥራ መፍቻ ሆነልሽ።» ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እያሸች በዓይኗ በቃ ሂድ አለችኝ። ሳልሰናበት ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ነገ ልምጣ ሳልላቸው ቀረሁ ብዬ አሰብኩ። ቤቴ ገብቼም አሰብኩት። ናም አላሉኝም፤ አትምጣም አላሉኝም። ጠዋት ሳልበላ ተነስቼ ቀራንዮ ሄድኩ። በዚህኛው ቀን በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ደሳለኝ።»

«ግባ። መልሰህ ዝጋው፤ ትናንት ከፍተኸው ሄደህ ብርዱን አስገባህብኝ።»

ገብቼ ዘጋሁት። ወንበሩ ትናንት የተውኩት ቦታ ላይ ነበር፤ ተቀመጥኩ። እስከ ምሳ አልተነሳሁም።